ለእሑድ መንገደኛ፤ ስለ ደብረ ጽዮን ደሴት
(በሬዲዮ የተነገረ የታሪክ ንግግር)

የመንግሥት ሠራተኛ ሳምንቱን ሙሉ ከመዝገብና ከማኅተም ጋር ሲታገል ሰንብቶ፣ እሑድ ሲደርስ ቤተ ሰቡን ይዞ ከከተማ ውጭ መዋል ቢያምረው የሚነቅፈው አይኖርም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ አዋሳ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው፣ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ይደርሳል። ከተማዋ ዛሬ ባቱ ተብላ ትጠራለች፤ ሐይቁንም የአገሩ ሰው በኦሮምኛ ደንበል ይለዋል። ብዙ ሰው ከዚያ ደርሶ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ዓሣ ጥብስ አዝዞ ይበላል፣ ከውሃው ዳር ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ አባ ኮዳ የተባለውን ራሰ በራ ወፍ ለልጆቹ ያሳያል፣ ከዚያም ፊቱን ወደ ቤቱ ይመልሳል። እኔ ግን ዛሬ ልነግርዎ የፈለግሁት ከዳር ሆነው ሲያዩት እንደ ጥላ ሆኖ ስለሚታየው፣ ከሐይቁ መካከል ስለ ተቀመጠው ተራራ ነው።

አስቀድሞ ስለ ሐይቁ ጥቂት ልበል። ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1636 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ የተኛ ሲሆን፣ ስፋቱ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከስፋቱ ጋር ሲመዛዘን ግን ጥልቀቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከሁሉ ይልቅ በጠለቀበት ስፍራ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ይህን ቁጥር እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ከጉራጌ ተራሮች የሚነሣው የመቂ ወንዝና ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው የካታር ወንዝ ይገቡበታል፤ ከእርሱም ቡልቡላ የተባለው ወንዝ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ ይፈስሳል። በመካከሉ አምስት ደሴቶች አሉ። ከእነዚህም ትልቁ አገሬው በኦሮምኛ ቱሉ ጉዶ የሚለው፣ ትርጓሜውም ትልቅ ተራራ የሆነው፣ በቤተ ክርስቲያን ስሙ ደግሞ ደብረ ጽዮን የሚባለው ነው።

ወደዚያ ለመድረስ እንደ ጀልባው ጉልበት አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በውሃ ላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ይናወጣልና በማለዳ መነሣት ይሻላል። ዋና ለማይችሉ ልጆች መንሳፈፊያ ሳይዙ መሳፈር አይገባም፤ ጉማሬም በዚያ ሐይቅ ውስጥ የሚኖር መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ስንቅዎን ከቤት ቢይዙ መልካም ነው፤ ደሴቱ የሆቴል አገር አይደለምና። ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ በጣና ሐይቅ ላይ እንደ ዳጋና እንደ ክብራን ባሉት ገዳማት በሥርዓታቸው መሠረት ሴት አትገባም፤ ስለዚህ አባት ወንድ ልጁን ይዞ ሲወጣ እናትና ሴት ልጅ ከጀልባ ወይም ከዳር ሆነው ይጠብቃሉ። ደብረ ጽዮን ግን ሕዝቡ ከነሚስቱና ከነልጆቹ የሚኖርበት መንደር ስለ ሆነ፣ ባልም ሚስትም ልጆችም አብረው የሚሄዱበት ደሴት ነው። ለቤተ ሰብ ጉዞ የመረጥሁትም ስለዚሁ ነው።

ከደሴቱ ሲወርዱ የመጀመሪያው የሚነገርዎ ታሪክ የታቦተ ጽዮን ታሪክ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚተርኩት እንዲህ ነው። በ10ኛው ምዕተ ዓመት ዮዲት ወይም ጉዲት የተባለችው ንግሥት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ፣ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ተሸክመው ወደ ደቡብ ሸሹ፤ ከዚህም ሐይቅ ደርሰው በደሴቱ ላይ አስቀመጡት፤ በዚያም 70 ዓመት ያህል ቆይቶ ሰላም ሲሆን ወደ አክሱም ተመለሰ፤ ከካህናቱ ግን ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ፤ የደሴቱም ሕዝብ የእነርሱ ልጅ ነው። የደሴቱ ስም ደብረ ጽዮን የተባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው ይላሉ።

ልጅዎ ይህን ሰምቶ “አባዬ፤ እውነት ነው?” ብሎ ይጠይቅዎ ይሆናል። ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ በሁለት ወገን የተሰለፉ ሰዎች ችኩል መልስ ይሰጡበታልና። አንደኛው ወገን ምንም ሳይመረምር “እንዴታ!” ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ትንሽ ትምህርት የቀመሰ እንደ ሆነ “ተረት ነው” ብሎ ያፌዛል። እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱም ልጁን ይበድሉታል።

እስቲ የምናውቀውን ከምንሰማው እንለይ። በዚያ ዘመን አንዲት ንግሥት የክርስቲያኑን መንግሥት እንዳናወጠች ከአገራችን ትውፊት ውጭ ምስክር አለ። ኢብን ሐውቀል የተባለው የዓረብ መልክዐ ምድር ጸሐፊ በ10ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሲጽፍ፣ የሐበሻን አገር ሴት ንግሥት ለብዙ ዓመታት እንደ ገዛች ይናገራል። በግብፅ የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥም፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ979 እስከ 1003 በመንበሩ ላይ በነበሩት በአባ ፊላታዎስ ዘመን፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖብያው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከው ደብዳቤ ተጠቅሷል። ንጉሡ በዚያ ደብዳቤ አንዲት ንግሥት ተነሥታ ከተሞችን እንዳቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናትን እንዳፈረሰች፣ እርሱንም ከስፍራ ወደ ስፍራ እንዳሳደደችው ገልጾ፣ ከእስክንድርያ ጳጳስ እንዲላክለት ይለምናል። ንጉሥ ከነሠራዊቱ የሚሳደድበት ዘመን ከሆነ ካህንና ባላገር ንብረቱን ተሸክሞ ቢሰደድ ምን ያስደንቃል? እንግዲያውስ የስደቱ ታሪክ መሠረት አለው ማለት ይቻላል።

ታቦቱ ራሱ ከዝዋይ ደርሷል ለሚለው ግን በዚያው ዘመን የተጻፈ ምስክር በእጃችን የለም። ይህ የእምነትና የትውፊት ጉዳይ ነው። ይህን የመሰለ ትውፊት በጣና ቂርቆስም ይነገራል፤ እያንዳንዱ ቅዱስ ስፍራ በዚህ ታላቅ ታሪክ ውስጥ ድርሻ እንዲኖረው ይወድዳልና። አማርኛችን ለዚህ የሚሆን መልካም ቃል አለው፤ “ነው” ብሎ የሚናገርበት ሌላ፣ “ይባላል” ብሎ የሚናገርበት ሌላ ነው። ለልጁ “እንዲህ ይባላል” ብሎ መንገር ሽማግሌውንም አያስቀይም፤ ልጁንም አያታልል። ታቦት የሚለው ነገር በተነሣ ጊዜ ግን የሰው ሁሉ ጆሮ ወደዚያ ብቻ ስለሚያዘነብል፣ ታሪኩን የሚተርከው ሽማግሌ ማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ የሚያስብ ጥቂት ነው። ዋናው ታሪክ ግን እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ይህ ሕዝብ ዛይ ይባላል። በዙሪያው ያሉት ኦሮሞዎች ላቂ ይሉታል። ሃይማኖቱ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነው፤ ከጎረቤቶቹ ጋር በኦሮምኛ፣ ከመንግሥት ሰውና ከመንገደኛ ጋር በአማርኛ ይነጋገራል። በጓዳው ግን የራሱ ቋንቋ አለው፤ ይህም ቋንቋ ከማንኛውም የድንጋይ ጽሑፍ ያላነሰ የታሪክ ሰነድ ነው። የአክሱም ካህናት ልጆች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ቋንቋቸው ከግዕዝ ወይም ከትግርኛ ጋር የተጠጋ ይሆናል ብሎ ሰው ይገምት ነበር። የቋንቋ ሊቃውንት መርምረው ያገኙት ግን ሌላ ነው። የዛይ ቋንቋ የስልጤና የወለኔ ወንድም ነው፤ ከእነዚህም ጋር ሆኖ የሐረር ከተማ ሕዝብ ከሚናገረው ከሐረሪ ቋንቋ ጋር ይዛመዳል። ቮልፍ ሌስላው የተባሉት ስመ ጥር የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቅ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1999 ስለዚህ ቋንቋ አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ሮኒ ማየር የተባሉት የጀርመን ምሁርም በ2005 ሰዋስውን በሰፊው ጽፈውታል።

ይህ እንዴት ይታረቃል? ቋንቋ ከጓዳ የሚወረስ ነገር ነው፤ ልጅ የሚናገረው ያሳደገችውን የእናቱን ቋንቋ ነው። ከሰሜን የመጣ ካህን ከአገሬው ሴት ልጅ ቢወልድ፣ ልጁ ጸሎቱን በግዕዝ፣ ጨዋታውን በእናቱ ቋንቋ ቢይዝ ምንም እንግዳ ነገር አይሆንም። የዛይ ሽማግሌዎችም ሁሉም ከአንድ አባት ወረድን አይሉም፤ ከፊሉ ከአክሱም፣ ከፊሉ ከሸዋ፣ ከፊሉ ከጉራጌ ወገን፣ በልዩ ልዩ ዘመን እንደ መጡ ይናገራሉ። ይህ አነጋገር ለእኔ ከሁሉ የበለጠ እውነት የሚሸት ነው። ሐረርና ዝዋይ ዛሬ በሰፊ አገር የተለያዩ ሲሆኑ ቋንቋዎቻቸው መዘማመዳቸው ደግሞ፣ ከ16ኛው ምዕተ ዓመት በፊት በመካከላቸው የዚሁ ወገን ተናጋሪዎች ይኖሩ እንደ ነበር ሊቃውንቱን አስገምቷቸዋል። ከዚያ ሰፊ ሕዝብ ተቆርጦ በውሃ መካከል የቀረ ቅንጣት ማለት ነው።

ደሴቶቹ መሸሸጊያ ብቻ አልነበሩም፤ መጋዣም ነበሩ። በ14ኛው ምዕተ ዓመት ነገሥታቱ ከአንድ በላይ ሚስት በማግባታቸው የገሠጿቸው የሸዋ መነኮሳት ወደ ዳር አገር ሲጋዙ፣ ከግዞት ስፍራዎቹ አንዱ ዝዋይ እንደ ነበረ በገድላት ይወሳል። በንጉሥ ፊት ያልተፈለገ ሰው ከውሃ መካከል ይጣላል፤ የተጣለውም ሰው መጽሐፉንና ትምህርቱን ይዞ ይሄዳል። ነገሥታቱ ተቀናቃኝ ያራቁ መስሏቸው አስተማሪ ላኩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ግን ከባድ ነበር። ከ1521 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1535 ዓ.ም. ድረስ የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነት የደቡቡንና የመካከለኛውን አገር የክርስቲያን ይዞታ ናደው። ያን ተከትሎ በዚያው ምዕተ ዓመት የኦሮሞ ሕዝብ በሐይቁ ዙሪያ ሰፍሮ አገሩን ያዘ። የዝዋይ ደሴቶች ከሰሜኑ መንግሥትና ከሰሜኑ ቤተ ክርስቲያን ፈጽሞ ተቆረጡ፤ ይህም ወደ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆየ። እዚህ ላይ አንባቢዬ ጥቂት እንዲያስቡ እወድዳለሁ። ሦስት መቶ ዓመት ማለት አሥርና አሥራ ሁለት ትውልድ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አያት ለልጅ ልጁ ጾሙን፣ በዓሉን፣ የታቦቱን ታሪክ ይነግር ነበር። የብራና መጻሕፍቱም እስከ ዛሬ ድረስ በደሴቱ ተጠብቀው መገኘታቸው፣ ካነበባቸው ሰው ይልቅ የጠበቃቸው ሰው ቍጥር እንደሚበልጥ ያሳየናል። ማንበብ ያልቻለ ትውልድ እንኳ ያልጣላቸው መጻሕፍት ናቸው።

እንዴትስ ኖሩ? ደሴቱን ዞረው ሲመለከቱ መልሱን ከተራራው ጎን ያነቡታል። ምድሩ ድንጋያማና ተዳፋት ነው፤ ሰዎቹ ግን ድንጋዩን ለቅመው ካብ ሠርተው፣ አፈሩ ወደ ሐይቁ እንዳይወርድ ጎኑን በእርከን ከፋፍለውታል። በመሥሪያ ቤት ስለ አፈር ጥበቃ ብዙ ወረቀት ይጻፋል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ከወረቀቱ በፊት አድርገውታል፤ ሌላ መሄጃ አገር አልነበራቸውምና። ከእርሻው ጋር ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ከውሃ ዳር በሚበቅል ቄጤማና ቀላል እንጨት ታንኳ አስረው እየቀዘፉ ወደ ዳር ይሻገሩ ነበር። ከዳሩ ሕዝብ ጋር አንዳንድ ጊዜ ይጋጩ፣ አንዳንድ ጊዜ ይገበያዩ ነበር። ሰው እህልና ቅቤ ሲያስፈልገው ከጎረቤቱ ጋር መነጋገሩ አይቀርም፤ ቋንቋውንም የተማሩት ከዚህ ነው።

በ1870ዎቹ ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በአርሲ ላይ ብዙ ዘመቻ አድርገው፣ የአርሲ ኦሮሞም ለዓመታት ጽኑ መከላከል ካደረገ በኋላ አገሩ ከሸዋ ግዛት ጋር ተቀላቀለ። ይህ ዘመን ለአርሲ ሕዝብ የከባድ ሐዘን ዘመን ነበር፤ ስለ ደሴቶቹ ስንናገር ይህን ሸፍኖ ማለፍ የታሪክን ሚዛን ማዛባት ነው። ለዛይ ሕዝብ ግን ያ ዘመን የውሃው በር የተከፈተበት ሆነ። ቀስ በቀስ ቤተ ሰብ በቤተ ሰብ እየሆነ ከደሴት ወደ ዳር መውረድ ጀመረ። ዳሩ ሰፊ እርሻና ገበያ አለው፤ ኋላም ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት መጣ። ዛሬ ከዛይ ሕዝብ የሚበዛው የሚኖረው በደሴቶቹ ላይ ሳይሆን በሐይቁ ዳርና በመቂና በባቱ አካባቢ ነው።

ሦስት መቶ ዓመት መከራ ያላጠፋውን ቋንቋ፣ ሰላምና ገበያ በመቶ ዓመት ውስጥ እያሳሱት መምጣታቸው እጅግ የሚያስገርም ነገር ነው። ተናጋሪዎቹ በጥቂት ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ በኦሮምኛና በአማርኛ ይማራል፤ ጎልማሳው በገበያ በኦሮምኛ ይነግዳል፤ የዛይ ቋንቋ ለአያትና ለእሳት ዳር ጨዋታ ይቀራል። በዚህ ማንንም ለመውቀስ አልፈልግም። ልጁ ሥራ የሚያገኝበትን ቋንቋ ቢመርጥ ከመካከላችን የሚፈርድበት ማነው? እኛስ ከየአገራችን ወደ አዲስ አበባ መጥተን ከልጆቻችን ጋር በየትኛው ቋንቋ ነው የምንነጋገረው?

አሁን ወደ ተውኩት ቁጥር ልመለስ። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም ብዬ ነበር። ጥልቅ ያልሆነ ሐይቅ እንደ ሰፊ ሰሐን ነው፤ ጥቂት ሲቀዳለት ብዙ ከዳር ይሸሻል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በዝዋይ ዳር ታላላቅ የአበባ እርሻዎች ተቋቁመዋል፤ አትክልት የሚያለማው ገበሬም በየዳሩ የውሃ መሳቢያ ሞተር ተክሏል፤ ከመቂና ከካታር ወንዞችም ወደ ሐይቁ ሳይደርሱ ለመስኖ ውሃ ይጠለፋል። እነዚህ ሥራዎች ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ሰጥተዋል፤ አበባውም ወደ አውሮጳ ሄዶ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል። ውሃው ግን አንድ ነው። ከዝዋይ ተርፎ በቡልቡላ በኩል የሚወርደው ሲያንስ፣ ከታች ያለው አብያታ ይቀንሳል። የአብያታ ዳርቻ ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት እጅግ ብዙ መሸሹን፣ በፊት ውሃ የነበረው መሬት ነጭ ጨዋማ ሜዳ መሆኑን ያየ ሰው ያውቀዋል። በአብያታ ላይ ከራሱ የሚቀዳ የሶዳ አሽ ፋብሪካም ስለ ነበረ፣ ጥፋቱ ሁሉ ከዝዋይ የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ላይኛው ጎረቤት የሚያስቀረው ውሃ ከታችኛው ማዕድ እንደሚጎድል የታወቀ ነው።

ለደሴቱ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ውሃው ለእርሱ መንገዱ፣ ጓዳውና አጥሩ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ዕንቁላሉን የሚጥለው ጥልቀት በሌለው በዳር ውሃ ነው፤ ዳሩ ሲሸሽና በማዳበሪያና በጸረ ተባይ መድኃኒት ሲበከል በመጀመሪያ የሚጎዳው ይኸው ስፍራ ነው። ያን ጊዜ መረቡን ባዶ የሚያወጣው ዓሣ አጥማጅ ከደሴቱ የሚወርድበት አንድ ምክንያት ይጨመርለታል፤ አንድ ቤተ ሰብ በወረደ ቍጥርም በየእርከኑ ላይ ካቡን የሚጠግን እጅ ይጎድላል።

እንግዲህ አንባቢዬ፤ ለመሄድ ያሰቡ እንደ ሆነ የበዓል ቀን ካልወደዱ ኅዳር 21 ቀንን ባይመርጡ ይሻላል፤ የጽዮን ማርያም በዓል ነውና ሰው ይበዛል። በዓሉን የሚወዱ ከሆነ ግን ያንኑ ቀን ይምረጡ። ከደሴቱ ሲደርሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ከመውጣትዎ በፊት የአገሩን ሽማግሌ ሰላም ብለው ፈቃድ ይጠይቁ። የብራና መጻሕፍቱን ለማየት ቢፈቀድልዎ፣ ልጆችዎ ቅጠሉን በእጃቸው እንዳይነኩና ፎቶግራፍ ሳያስፈቅዱ እንዳያነሡ ይንገሯቸው። የታቦቱንም ታሪክ ይስሙ፤ ሽማግሌው በሚተርክበት ጊዜ ጣልቃ አይግቡበት።

ታሪኩ ሲያልቅ ግን ልጅዎ አንድ ሌላ ጥያቄ እንዲጠይቅ ያድርጉ፤ ውሃን፣ ዓሣን፣ ታንኳን፣ እናትን፣ ከአንድ እስከ ዐሥር ያለውንም ቁጥር በዛይ ቋንቋ ምን ብለው እንደሚጠሩ። በደብተሩ ላይ በፊደላችን ይጻፈው፤ በዚያ ቋንቋ የተጻፈ ነገር ጥቂት ስለ ሆነ ሽማግሌው እንዲህ ያለውን ጥያቄ አዘውትሮ የሚሰማ አይመስለኝም። ሰኞ ጧት ወደ መሥሪያ ቤትዎ ሲመለሱም፣ ከጎንዎ ካለው ክፍል ስልጤ ወይም ሐረሪ የሆነ ባልደረባ ያለዎት እንደ ሆነ ደብተሩን ይውሰዱና ቃላቱን አንድ በአንድ ያንብቡለት፤ ዝዋይን አይቶት የማያውቅ ሰው እንኳ ቢሆን፣ ከቃላቱ አንዳንዶቹን ሳይተረጎሙለት ሊያውቃቸው ይችላል።